ያጋተ ጡት አይጨመቅም

ስለ ምጥ ሁሉም ይነግርሻል። ከምጥ በኋላ ስላለው ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ገንፎ ይቀርብልሻል፣ በቃ። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ታርሼ የተማርኩትን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ደሙ 3 ወይም 4 ቀን ቀይ ነው፤ ከዚያ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ከ10ኛው ቀን ገደማ በኋላ ነጣ ብሎ እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስታጠቢ ሆድሽን ቢቆርጥሽ ማህፀንሽ እየተሰበሰበ ነው። አንድ ሞዴስ በ1 ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ወይም እንቁላል የሚያህል የረጋ ደም ከወጣሽ ግን ማንንም ሳታማክሪ ወደ ሕክምና ሂጂ። ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታም እንደዚያው፤ ደም ግፊት ከወሊድ በኋላም ይነሳል።

ለስፌቱ የሃይላንድ ክዳን ላይ በሚስማር 5 ወይም 6 ቀዳዳ ብሺና፣ ሽንት ስትሸኚ ለብ ያለ ውሃ አፍስሺበት፤ ማቃጠሉ ይቀንሳል። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ለዚህ ብቻ 2 ጀሪካን ቀድመሽ ሙዪ። ወልደሽ ከጤና ጣቢያ ስትመለሺ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ እንዳትሄጂ፣ ታዝኚያለሽ። ደግሞ ከወሊድ በኋላ እዚያው 24 ሰዓት መቆየት አለብሽ፤ አልጋ ጠበበ ብለው በ6 ሰዓት ውስጥ ሊያስወጡሽ ቢሞክሩ እምቢ በይ።

አሁን ወደ ጡቱ። እኔን ያሰቃየኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው እንገር ነው፤ ጥቂት፣ ወፍራምና ቢጫ። ለልጁ ይበቃዋል፤ ቅቤም ሆነ የስኳር ውሃ አታስልሱት። ብዙ ጊዜ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ወተቱ ይመጣና ጡት ያጋታል። ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ጫፉ ይጠፋል፣ ልጁ አፉን ከፍቶ ይንሸራተታል። (የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ወተቱ ሲመጣ ባልሽ ሥራ ገብቷል ማለት ነው።)

ጤና ጣቢያ የነገሩኝ «ሙቅ ጨርቅ አድርጊበት፣ አሺው፣ ጨምቀሽ ባዶ አድርጊው» ነበር። 2 ቀን ሙሉ ወደ ኩባያ ጨመቅኩ። በማግስቱ ጡቴ በብብቴ በኩል ቀላ፤ 38.7 ትኩሳት፣ ወባ የያዘኝ የሚመስል ብርድ ብርድ ማለት። ይህን የምጽፈው እስካሁን ስለሚያናድደኝ ነው። ያጋተ ጡት ውስጥ ያለው ወተት ብቻ አይደለም፤ ሥጋው ራሱ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። ስትጨምቂው ያበጠውን ትጎጂያለሽ፤ ባዶ ባደረግሽው ቁጥር ደግሞ ሰውነትሽ ጨምሮ ያመርታል። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው መመሪያም ቅዝቃዜንና ቀላል ዳበሳን እንጂ ጠንካራ ማሸትን አይመክርም። እኛ ጋ ግን አሁንም «አሺው» ነው።

ልክ የሆነው እንዲህ ነው። ልጁን ከማስጠጋትሽ በፊት በጡትሽ ጫፍ ዙሪያ ያለውን ጥቁረት በጣቶችሽ ጫፍ ወደ ደረትሽ 1 ደቂቃ ያህል ተጫኚ፤ እብጠቱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጫፉ ይለሰልሳል። ሆዱ ከሆድሽ፣ አገጩ ከጡትሽ ይግጠም፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ። ጫፉን ብቻ ከያዘ በትንሿ ጣትሽ አላቅቀሽ እንደገና ስጪው። እምቢ ካለ፣ መያዝ እስኪችል ድረስ ብቻ በእጅሽ ትንሽ አውጪ። ካጠባሽ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ አድርጊበት፤ ከዚያ ወደ ብብትሽ አቅጣጫ የሕፃን ጉንጭ እንደምትነኪ ዳብሺው። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ከሌለብሽ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ ጋር ህመሙንም እብጠቱንም ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ እርጥብ ጨርቅ በረንዳ ላይ አሰጣለሁ፤ በእኛ ሰፈር ሌሊት ከፍሪጅ አያንስም። አማቴ «ልጄ፣ ብርድ ይገባሻል!» ብለው ሊነጥቁኝ ሲሉ ትከሻዬ ላይ ጋቢ ደርቤ ጡቴን ብቻ አቀዘቅዝ ነበር። በዚያ ታረቅን። «የታመመ ጡት አይጠባም» ባሉት ግን አልታረቅንም፤ ወተቱ ልጁን አይጎዳውም፣ በድንገት ማቆም ነው መግል የሚያስቋጥረው።

ትኩሳቱ በ24 ሰዓት ካልበረደ አንቲባዮቲክ ያስፈልግሻል። እዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፋርማሲ ገብቼ አሞክሲሲሊን ገዛሁ፤ ሻጩም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ይህን የጡት ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አሞክሲሲሊንን ያከሽፈዋል። 2 ቀን ከሰርኩ። ሐኪም ያዘዘልኝ ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ 10 ቀን ነው። በ2 ቀን ካልተሻለሽና ስትነኪው ውስጡ ፈሳሽ እንዳለው የሚወዛወዝ እብጠት ካለ አልትራሳውንድ ጠይቂ፤ መግል ከሆነ በመርፌ ይመጠጣል።

ለቅሶም በዚያው ሰሞን ይመጣል። ቡና የሚጠጡ ጠያቂዎች ፊት ያለምክንያት ሆድ ይብስሻል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ከ2 ሳምንት ከዘለለ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ ካጣሽ፣ ወይም ለልጁ ምንም ካልተሰማሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ራሴን ወይም ልጁን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን በዚያው ቀን፣ ከሰው ጋር። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለውን የእናቶቻችንን ደንብ እኔ አልነካውም። ጠያቂ ግን ይቀነስ።

አንድ የቀረ ነገር፦ ክሎክሳሲሊን በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ። በአራስ ቤት ባዶ ሆድ ማግኘት ቀላል እንዳይመስልሽ። እኔ ንጋት 11፣ ረፋድ 5፣ ማታ 11፣ ሌሊት 5 ሰዓት ብዬ በወረቀት ጽፌ ምድጃው በላይ ለጠፍኩ። ገንፎው ከ12 ሰዓት በፊት አይቀርብም፣ አጥሚቱም ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አይመጣም።