ጥርሴን ያሳሰርኩ ሰሞን

ብሬስ፣ ጠማማ ጥርስ የሚያቀናውን ሽቦ፣ ላሳስር ነው ስል ያገኘሁት መልስ ሁለት ዓይነት ነበር። ገሚሱ "ኧረ ምንም አያምም" አለኝ። ገሚሱ ደግሞ "ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስኩም" አለኝ። ሁለቱም አልዋሹኝም። ግን መቼ እንደሚጀምር፣ የቱ ጋ እንደሚያም፣ በስንተኛው ቀን እንደሚለቅ የነገረኝ አልነበረም። እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነበር። ካሳሰርኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ሳልረሳው በቀንና በሰዓት ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

31 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአራተኛ ክፍል ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። የላይኛው ግራ ክራንቻዬ ቦታ አጥቶ፣ ጎኑ ያለው ጥርስ ላይ ተደርቦ ነው የወጣው። ልጅ እያለሁ "ድርብ ጥርስሽ ያምራል" ይሉኝ ነበር። እኔም እወደው ነበር። ግን ከድርቡ ሥር ብሩሽ አይደርስም። እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ተቦርቡሮ ሁለት ጊዜ አስሞላሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያመኝ ወሰንኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ አፌን በባትሪ አዩና "ከፈለግሽ ዛሬውኑ እንጀምርልሽ" አሉኝ። ራጅ የለ፣ ምን የለ። እኔም ደስ ብሎኝ ልከፍል ነበር። ያስቆመችኝ ነርስ ጓደኛዬ ናት። "ሥሩ ሳይታይ ጥርስ አይገፋም" አለችኝ። ልክ ነበረች። አጥንቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ድድ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ጥርስ መኖር አለመኖሩ በዓይን አይታይም። ራጅ ሳያነሳ ብሬስ ልሰርልሽ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ እባካችሁ ተነስታችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ቦታ ሥራዋ ጥርስ ማቅናት ብቻ የሆነ ስፔሻሊስት አገኘሁ። ሁለት ራጅ ተነሳሁ፤ አንዱ ሙሉ መንጋጋዬን፣ አንዱ ፊቴን በጎን። ቀጥሎ ልክ ተወሰደ። ሊጥ የመሰለ ሮዝ ነገር በትሪ ሞልተው አፌ ውስጥ ከተቱት። ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ አቅለሸለሸኝ። ዶክተሯ "ወደ ፊት ዘንበል በይ፣ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ የእግርሽን ጣቶች አንቀሳቅሺ" አለችኝ። የእግር ጣት ምን ሊረዳኝ ብዬ ነበር፤ ግን ሐሳቤን ወሰደው። ደቂቃ እንኳ የሞላ አልመሰለኝም፣ ደረቀና ወጣ።

በሳምንቱ ስመለስ ጥርሴ በጀሶ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እጄ ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ። ክራንቻው የሚገባበት ቦታ የለም። ቦታ እንዲያገኝ ከክራንቻዎቹ ቀጥለው ያሉት፣ አንድ ከግራ አንድ ከቀኝ፣ ሁለት ጥርሶች መነቀል ነበረባቸው። ይሄ ከበደኝ። እናቴም "ደህና ጥርስ ይነቀላል እንዴ ልጄ?" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ሁሉም ሰው አያስነቅልም፤ የመንጋጋው ስፋት ነው የሚወስነው። እኔ ጀሶውን ካየሁ በኋላ ገባኝ። ተደንዝዞ ስለሚነቀል ብዙም የሚወራ ነገር የለውም።

ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ለእንግዳ ተቀባይዋ ደጋግማ "ፍንጭቴን እንዳትዘጉብኝ፣ ለዶክተሯ ንገሪልኝ" ትል ነበር። የፊት ፍንጭት እኛ ዘንድ ውበት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን መናገር ብልህነት ነው። ዕቅዱ የሚሠራው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ጥርሱ መሄድ ከጀመረ በኋላ ማስቀየር ይከብዳል።

ከመታሰሩ በፊት ማንም ያልነገረኝ ነገር የጎማ ቀለበቶቹ ናቸው። የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ላይ የብረት ቀለበት ስለሚገባ፣ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ያስፈልጋል። ለዚህ ትንንሽ ጎማ በጥርስ መካከል ይሰነቀራል። እኔ ለአምስት ቀን ያዝኩት። ሥጋ ተሰንቅሮ አልወጣ ያለ ነው የሚመስለው። እጅ ወደ ስቴኪኒ ይሄዳል። አይነካም! ማስቲካም አይታኘክም፣ ጎማውን ይዞት ይወጣል። ሁለተኛው ቀን ላይ ሽሮ እንኳ በአንድ ጎን ነበር የምበላው።

የታሰረው ኅዳር 26፣ ዓርብ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ዓርብን የመረጥኩት ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ስለሌለ ነው። መርጣችሁ ሂዱ፣ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ጥርሴን አጸዱት። ከንፈርን የሚወጥር ፕላስቲክ አስገቡልኝ። ከዚያ ሰማያዊ ጄል እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ተቀባ። አሲድ ነው፤ ማጣበቂያው እንዲይዝ የጥርሱን ፊት ትንሽ ሸካራ ያደርገዋል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ታጠበ። ትንሽ ወደ ምላሴ ወርዶ እንደ ሎሚ ጎመዘዘኝ። ቀጥሎ አየር ነፍተው አደረቁት፤ ጥርሴ ጠመኔ መሰለ። ብራኬት የሚባሉት ትንንሽ ብረቶች አንድ በአንድ ተለጠፉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሰማያዊ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በራ። መሐል ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ምራቅ የሚመጠው ማሽን ቆመ፣ አፌም ሞላ። ረዳቷ ቶሎ ጥጥ ደረደረችልኝ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዶክተሯ ጥርሱ እንዳይረጥብ ከንፈሬን በጣቷ ይዛ ጠበቀች። እርጥብ ጥርስ ላይ ብራኬት አይይዝም። ያቺን ደቂቃ ስለ ትዕግሥቷ አልረሳላትም።

በመጨረሻ ቀጭን ሽቦ ገባ። ከኒኬልና ከቲታኒየም የተሠራ ነው። ጥርሱ ጠማማ ስለሆነ ሽቦው ተጣሞ ይታሰራል፤ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገል ጥርሱን ይዞት ይሄዳል። በየብራኬቱ ትንሽ ላስቲክ ይታሰርበታል። ቀለም ምረጪ ተባልኩ። ነጭ ልል ስል ዶክተሯ "እርድ ትበያለሽ?" አለችኝ። አልጫ ክክ ሳልበላ የምውልበት ጾም የለም። ነጩ ላስቲክ በእርድ ወዲያው ቢጫ ይሆናል፣ በርበሬም ያበላሸዋል። ግራጫ መረጥኩ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጣሁ። አንድም ቦታ አላመመኝም። ከንፈሬ ብቻ ወፍሮ የሰው ከንፈር መሰለኝ። ለእናቴ ደውዬ "ምንም የለውም" አልኳት።

ሕመሙ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ። እንደ ጥርስ ቁርጥማት አይደለም። አይወጋም፣ አይነዝርም። ሁሉም ጥርስ አንድ ላይ ተጨምቆ የተመታ ያህል ነው። ዝም ብዬ ስቀመጥ እችለዋለሁ። የላይና የታቹ ሲነካካ ግን ዓይኔ እንባ ያቀራል። ፓራሲታሞል ከመተኛቴ በፊት ወሰድኩ። ማታውኑ ሳይብስ መውሰዱ ጠቀመኝ። የባሰው ቀን ቅዳሜ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ አፌ ውስጥ ስይዝ ቀለል ይለኝ ነበር፤ ይህ ዓይነት ሽቦ ሲቀዘቅዝ ይላላል። እሑድ እንደዚያው፣ ሰኞ ትንሽ ተሻለ። ረቡዕ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ለስላሳ ዳቦ በሻይ በላሁ።

የነቢያት ጾም ስለነበር እንቁላልና ወተት የለም። እናቴ ኩርፊያዋን ትታ የአጃ አጥሚት ይዛ መጣች። በጣም የረሰረሰ የሽሮ ፍትፍት፣ የተፈጨ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ድንች በማንኪያ ተቀጥቅጦ። እንጀራ ለኛ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ወጡ ውስጥ ከቆየ መታኘክ አያስፈልገውም። ጎመን ግን ተዉት። ክሩ ሽቦው ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል።

ሰኞ ጠዋት የቃል ጽሕፈት ነበረኝ። በዚህ በኩል አልተዘጋጀሁም ነበር። "ፀሐይ" ስል "ፀ"ዋ አትፈነዳም፣ ፉጨት ትሆናለች። "ሽንኩርት"፣ "ጽጌረዳ"፤ ሁሉም ሰ ሆነ። ልጆቹ እርሳስ ይዘው ፊቴን ያያሉ። አንድ ቃል በስህተቴ ተሳስተው ቢጽፉ ጥፋቱ የኔ ነው። ስለዚህ ቆምኩና ነገርኳቸው። ጥርሴን አሳስሬያለሁ፣ አንዳንድ ፊደል ለጥቂት ቀን ይከብደኛል፣ እናንተ ታገሡኝ አልኩ። የዕለቱን ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ቅጂ አደረግነው። ማታ ማታ መጽሐፍ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ በአሥረኛው ቀን "ፀ" ተመለሰች።

ሕመሙ ሲሄድ ቁስሉ ይመጣል። ጉንጬ ውስጥ ሁለት ቦታ ላጠኝ። ለዚህ የሚሰጥ ሰም አለ። ብራኬቱን በጨርቅ አድርቃችሁ፣ ሰሙን በጣት አሙቃችሁ መለጠፍ ነው። ሳይደርቅ አይይዝም። ፋርማሲ ፈልጌ አጣሁ፤ ከክሊኒኩ ሁለት ሳጥን ተቀብላችሁ ውጡ። ሞቅ ባለ ውኃ በጨው መጉመጥመጥም ቁስሉን አድኖልኛል።

ማጽዳቱ ጊዜ ይፈልጋል። ከበላሁ በኋላ ሁሉ፣ ከሽቦው በላይና በታች፣ በትንሿ ብሩሽ ደግሞ በየመካከሉ። መፋቂያ እወዳለሁ፣ ግን በጠንካራው ስፍቅ ብራኬቱን ይገፋዋል ስለተባልኩ ለጊዜው አስቀመጥኩት። በደንብ ካልጸዳ ብሬሱ ሲወልቅ ብራኬቱ የነበረበት ዙሪያ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። የሻይ ስኳሬን የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ገና ዕለት ጎረቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ቆሎውን አልፌ፣ ፈንዲሻ ለስላሳ ነው ብዬ ዘገንኩ። ያልፈነዳ ፍሬ ነከስኩና አንዱ ብራኬት ተላቀቀ። ሽቦው ላይ እንደ ዶቃ ይንሸራተት ጀመር። አልጎተትኩትም፣ በሰም ሸፍኜ በማግስቱ ደወልኩ። ተለጠፈልኝ። ዶክተሯ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የወደቀ ብራኬት ጥርሱን አይገፋም፣ የጠፋው ቀን ከኋላ ይጨመራል።

ጥርስ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በለቀቀው በኩል አዲስ ይሠራል። ጥርሴን በምላሴ ስነካው ይነቃነቃል። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ትንሽ መነቃነቁ የሚጠበቅ ነው። እኔ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተብያለሁ፣ በየአራት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ካለቀ በኋላም ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ ማታ ማታ የሚደረግ መያዣ አለ። ስትዋዋሉ መያዣው፣ የወደቀ ብራኬት ማስለጠፊያውና የክትትሉ ሂሳብ አብሮ መሆኑን ጠይቁ፣ በጽሑፍም ተቀበሉ። እኔ ቅድሚያ ከፍዬ የቀረውን በየወሩ ነው የምከፍለው። መያዣው እንዳልተካተተ ያወቅኩት ግን ከታሰረ በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዕረፍት ላይ አንዷ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ ቀረች። የእሷም ክራንቻ እንደኔ ተደርቦ እየወጣ ነው። እናቷ ልትወስዳት ቀጠሮ ይዛላታለች። ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ አፏን በእጇ ሸፍና "ቲቸር፣ ያማል?" አለችኝ።

"የሚታሰርበት ሰዓት አያምም" አልኳት። "ማታ ይጀምራል። በማግስቱ ይብሳል። በአምስተኛው ቀን ዳቦ ትበያለሽ።"

በጣቶቿ ከአንድ እስከ አምስት ቆጠረች። ከዚያ "ዳቦው በሻይ ነው?" አለችኝ።

"በሻይ ነው" አልኳት።