ከፌስታሉ አዋጅ ባሻገር፦ ቦርከና የሚፈልገው የፈቃድ ግልጽነት

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ በደሴና በኮምቦልቻ ገበያዎች ብዙ አነጋግሯል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ነገር ግን በየሱቁ እየዞረ ውፍረት የሚለካ ስላልነበረ ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረ። አዲሱ አዋጅ አምራቹንና ሻጩን ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚውንም ተጠያቂ ያደርጋል፤ ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ክልከላውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። በክረምት የደሴን የውኃ መውረጃ ቦዮች የሚዘጋው፣ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚያወርደውም ይኸው ፌስታል ነው።

ይሁን እንጂ የቦርከና ጉዳት ከፌስታል አያበቃም። ሽንኩርት በፌስታል ይዛ የምትሄድን እናት ማንም ደንብ አስከባሪ መንገድ ላይ ሊያገኛት ይችላል፤ ከአጥር ጀርባ የተዘረጋን የፋብሪካ ፍሳሽ ቱቦ ግን የሚያየው የሚፈልገው ሰው ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ከጨርቃ ጨርቅ እስከ ቆዳ፣ ከቢራ እስከ ብረታ ብረት ብዙ ዓይነት ምርት የሚወጣባት ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ የሥራ ተስፋውም የፍሳሹ ጉዳይም አብሮ አደገ። ወደ ቦርከና በሚገቡት ትንንሽ ጅረቶች ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች የውኃው መልክ ሲለወጥ የውኃ ሞተራቸውን አጥፍተው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ጨው፣ ኖራ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሰልፋይድና ክሮሚየም የተባለ ከባድ ብረት ይይዛል። ክሮሚየሙ ለዓይን አይታይም፤ አብዛኛው ከጭቃው ጋር ታች ይሰክንና የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ሲመጣ ተነሥቶ ወደ ማሳው ይገባል። ስለዚህ በበጋ፣ ያውም ቀን ላይ፣ ከጠራ ውኃ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ «ደኅና ነው» ማለት ምርመራ አይባልም። ናሙናው ከጭቃውም ሊወሰድ፣ በሌሊትና በክረምትም ሊሆን ይገባል።

ይህን ሁሉ ሊያስገድድ የሚችለው ሰነድ የፋብሪካው ፈቃድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ማንኛውም ፕሮጀክት የይሁንታ ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ባለሀብቱ ሊፈጽማቸው ከሚገቡ ግዴታዎች ጋር ነው። የአዋጁ አንቀጽ 15 ደግሞ የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የኅብረተሰቡ፣ በተለይም ጉዳቱ የሚያገኘው ሕዝብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። እኔ አጥብቄ የምጠይቀው ይህ አንቀጽ በተግባር እንዲውል ነው። ስንት ኪዩቢክ ሜትር ፍሳሽ እንደሚለቀቅ፣ በምን ማጣሪያ አልፎ፣ በየስንት ጊዜው እየተለካ እንደሆነ የሚገልጸው ገጽ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ የሚጎዳ ሰው የለም። ቦርከና ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በቃሉ ወረዳ በኩል ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ወደ ጨፋ ረግረግ ወርዶ መጨረሻው አዋሽ ነውና ሰነዱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሊቀርብ ይገባል። በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ጨፋ የሚወርዱት የአፋር አርብቶ አደሮችም በዚያው ውኃ ነው የሚያጠጡት። ፈቃዱ አንድ ከተማ ላይ ሲሰጥ የሚመለከተው ሕዝብ ግን በሦስት አስተዳደር ተበትኖ ይኖራል፤ ምክክሩ በከተማው አዳራሽ ብቻ ማለቁ ልክ አይመስለኝም።

ይህ ጥያቄ አሁን እንዲነሣ የምፈልገው የሕጉ ባለቤት ደጋግሞ ስለተቀያየረ ነው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሆነ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ባለሙያ ይዛወራል፣ መዝገብ ቦታ ይለውጣል፤ ከ10 ዓመት በፊት የተሰጠ ፈቃድ ምን ግዴታ እንደያዘ የሚያስታውስ ሰው ሊጠፋ ይችላል። ቅጂው በሕዝቡ እጅ ካለ ግን የመሥሪያ ቤት ለውጥ ግዴታውን አብሮ አያጠፋውም።

ሕጉ ለነዋሪው የሰጠው ሌላም መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ግን አላይም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው አቤቱታ አቅራቢውን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ ውኃው የተለወጠበት ቀንና ሰዓት፣ የቦታው ስምና ፎቶግራፍ ይካተትበት። ከመዝገብ ቤት ስትወጡም የገቢ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ መያዛችሁን አረጋግጡ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነውና።