ሻዩ የደፈረሰ ዕለት

ክረምት ነበር። ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ አንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ፣ የሳይቱ ጂኦሎጂስት ተብዬ መዶሻ ወገቤ ላይ ሰክቼ የምንጎማለልበት ጊዜ።

ለመንገዱ የተቆረጠውን ዳገት ሳይ ባዛልቱን፣ ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ የቀዘቀዘውን ጥቁር ድንጋይ፣ በመዶሻ መታሁት። አቃጨለ። ደህና ባዛልት ሲመታ ድምፁ ብረት ነው። «ይሄማ ጠንካራ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ኤክስካቫተሩ ከጋቢዮኑ፣ ድንጋይ ከታጨቀበት የሽቦ ሳጥን ግድግዳ፣ ሥር ይደር ያልኩትም እኔው ነኝ።

ሳይቱ ላይ ሻይ የሚያፈሉልን እናት ነበሩ፣ ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። አንድ ጠዋት ሻዩን እየቀዱ «ልጆቼ፣ ዛሬ አልጠራልኝም፤ ሁለት ጊዜ ባጠልለውም ምንጩ ደፍርሷል» አሉን።

«ዝናቡ ነው እማማ» አላቸው ፎርማኑ።

«ኧረ የምን ዝናብ! ሐምሌን ሙሉ ሲዘንብ ጠርቶ አልነበር? ደግሞ የላይኛው ምንጭ ነጥፏል። ይሄን የቀዳሁት ከታችኛው ነው።»

ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ያ አካባቢ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። መሬቱ ፎልት በምንለው ትልልቅ ስንጥቅ እየተሰበረ ወደ አፋር በኩል ደረጃ በደረጃ ዝቅ ይላል። ባዛልቱ ድሮ ሲቀዘቅዝ ስለተሰነጣጠቀ የዝናቡን ውሃ ወደ ታች ያሳልፈዋል፣ ከሥሩ ግን የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ አለ፣ ቱፍ የምንለው፣ ሲበሰብስ ጭቃ የሚሆን፣ ውሃው እዚያ ሲደርስ መውረጃ ያጣና ወደ ጎን ይሄዳል፤ ፎልቱ ያደቀቀው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የእማማ ምንጮች በአንድ መስመር የተደረደሩት ለዚህ ነበር። ካርታዬ ላይ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፣ ግን መስመሩ ምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አንዱ ምንጭ ሲነጥፍና ሌላው ሲደፈርስ፣ ውስጥ ለውስጥ የተንቀሳቀሰ ነገር አለ ማለት ነው።

ወደ ላይ ሮጥኩ። ከቆረጣው በላይ ሣሩ መሃል መዳፌን የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘሁ፣ ወደ ጎን ተከትዬው ብሄድ ብሄድ አያልቅም። ተመልሼ ደለል የሸፈነውን ቦይ አስጠረግሁ። ቱፉ እዚያ ነበር፣ ባዛልቱ እላዩ ላይ ተቀምጦበት። ሸረፍ አድርጌ ድንኳን ውስጥ አደረቅሁትና ከሰዓት ላይ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። በእጄ ይዤው ደንበኛ ድንጋይ ነበር። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ጠርዙ መርገፍ ጀመረ፣ ቀጥሎ ተናደ፣ መጨረሻ ላይ ብርጭቆው ሥር የቀረው ሊጥ ነው።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ግቢ እያለሁ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መጥቶ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ።

በዚያው ቀን ድንኳኑንም ሠራተኛውንም ከዚያ አነሳን። የእማማን ምድጃ እኔው ተሸከምኩ። ኤክስካቫተሩ ግን ኦፕሬተሩ ቁልፉን ይዞ ፈቃድ ወጥቷል፣ ስልኩም አይሠራም። በሦስተኛው ሌሊት የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማን። ሲነጋ ጋቢዮኑ የለም፣ ከኤክስካቫተሩ የሚታየው እጁ ብቻ ነው።

አለቃዬ ከከተማ መጥቶ ዙሪያውን አየና፣ «ድንጋዩ ጠንካራ ነው ብለህ ፈርመህ አልነበር?» አለኝ።

ጠንካራማ ነው። የአንድ ክፍል ቤት የሚያክለው ባዛልት ሳይሰበር፣ ሳይፈረካከስ፣ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነው የወረደው። አለቃዬ ፊት በመዶሻ መታሁት፤ አሁንም ያቃጭላል።