የቺካጎው ካታንጋ

ስለ ሪግሊ ፊልድ፣ ማለትም ስለ ቺካጎው የቤዝቦል ቡድን ስለ ካብስ ሜዳ እድሳት ሳማርር የአገሬ ልጆች ግራ ይገባቸዋል። «የፈረንጅ ሜዳ ቢፈርስ ቢታደስ አንተን ምን አገባህ?» ይሉኛል። ያገባኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቺካጎ የገባሁት በ1990ዎቹ አጋማሽ በዲቪ ነው። በሱዳን በኩል በስደት የመጡ ታላላቆቻችን ቀድመውን አፕታውንና ኤጅዋተር የሚባሉ ሰፈሮች ሰፍረው ነበር። ከእነሱ አንዱ ቤቱ አስጠጋኝ። ስሙ ይቅርና ጋሽዬ ነው የምለው። ታክሲ ይነዳ ነበር። መንገዱን አስለምዶ እኔንም መሪ ያስጨበጠኝ እሱ ነው።

የጋሽዬ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው አይጠፋም። ሁሌ 720 የሚባለው ጣቢያ ላይ ነው፤ ሁሌ የካብስ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ምንም አይገባኝም ነበር። እየቆየ ግን ገባኝ። ቤዝቦል አይቸኩልም። ተሳፋሪ ጭነህ፣ አድርሰህ፣ ሂሳብ ተቀብለህ ስትመለስ ጨዋታው ብዙም አላመለጠህም። ፓት ሂዩዝ ያስተላልፋል፤ አጠገቡ ሮን ሳንቶ አለ። ሳንቶ ራሱ ለካብስ የተጫወተ ሰው ነው። ቡድኑ ሲሳሳት ማይክራፎኑ ላይ ያቃስታል፤ የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ደረቱን ይመታ ነበር። እንግሊዝኛ ጆሮዬ የተከፈተው በሁለቱ ነው።

ከዚያ የ1998 ክረምት መጣ። የካብሱ ሳሚ ሶሳ 66 ሆም ራን፣ ማለትም ከአጥር በላይ የሚሻገር ምት፣ የመታበት ዓመት ነው። ሶሳ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ በልጅነቱ ሊስትሮ ነበር። ይህን ስሰማ ልቤ ሄደ። ጫማ ሲጠርግ ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያስነሳ ማየት ፈለግሁ። አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ታክሲዬን አቁሜ ገባሁ።

የገባሁት ብሊቸርስ ነው። ከሜዳው ማዶ፣ ከአጥሩ በላይ ያለው፣ መደገፊያ የሌለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ማለት ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካች የሆነ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ካታንጋ ነው። ፀሐዩ አናትህ ላይ ነው። ወንበር ቁጥር የለህም፤ ቀድሞ የመጣ ይመርጣል። የሚጮኸው፣ የሚዘፍነው፣ ዳኛውን የሚሰድበው እዚያ ነው። አንድ ሰው ኦሄር ኤርፖርት አድርሼ ባገኘሁት ብር ትኬት ቆርጬ፣ ሆት ዶግ በልቼ መልስ ይተርፈኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ያለ ምንም መተዋወቅ ውጤት መመዝገቢያ ወረቀታቸውን ዘርግተው አጻጻፉን አስተማሩኝ። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ «ከየት መጣህ?» ሳልባል ከሰው ጋር የዋልኩበት የመጀመሪያው ቦታ እሱ ነው።

ሜዳው በ1914 የተሠራ ነው። ካብስ የገባበት በ1916 ነው። የሜዳውን አጥር የሸፈነው ሐረግ በ1937 ተተከለ፤ ብሊቸርሱና በእጅ የሚቀየረው ትልቁ ስኮርቦርድም (የውጤት ሰሌዳ) የዚያው ዓመት ሥራዎች ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ውስጡ ገብቶ ቁጥሩን በእጁ ይለውጣል። ጨዋታ ሲያልቅ ከስኮርቦርዱ በላይ ባንዲራ ይሰቀላል። ካብስ ካሸነፈ ነጩ፣ ደብልዩ የተጻፈበት፤ ከተሸነፈ ሰማያዊው፣ ኤል ያለበት። በባቡር የሚያልፍ ሰው ትኬት ባይኖረውም ውጤቱን እንዲያውቅ ነው። ከሥራ ደክሞህ ሬድ ላይን ባቡር ውስጥ ተቀምጠህ አዲሰን ጣቢያ ስትደርስ ቀና ትላለህ። እኔ ይህን ያህል ለአላፊ አግዳሚ የሚያስብ ሕንፃ በዚህ አገር ሌላ አላየሁም።

መታደስ አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። በ2004 ከላይኛው ፎቅ የኮንክሪት ቁራጭ እየተፈነቀለ ወድቆ፣ ሰው እንዳይጎዳ ከጣሪያው ሥር መረብ ተዘርግቶ ነበር። ብረቱ ዝጎ ነበር። መተላለፊያው ጠባብ ነበር። መቶ ዓመት የሞላውን ሕንፃ ዝም ብላችሁ ተዉት የሚል ጤነኛ ደጋፊ የለም። ለውጥ ሁሉ መጥፎ ነው የሚሉም ነበሩ፤ ጋሽዬ እንደሚያወራው በ1988 የማታ መብራት ሲገባ የሰፈሩ ሰው «መብራት አንፈልግም» ብሎ በየመስኮቱ ለጥፎ ነበር። የመጀመሪያው የማታ ጨዋታ ነሐሴ ላይ ተጀምሮ ዝናብ አቋረጠው፤ የተቃወሙት ሰማይም ከእኛ ጋር ነው አሉ። ዛሬ መብራቱን ማንም አይጠላውም። ስለዚህ የኔ ቅሬታ ሌላ ነው።

የሪኬትስ ቤተሰብ ክለቡን በ2009 ገዛ። የከተማው ምክር ቤት የእድሳቱን እቅድ በ2013 አጸደቀ፤ ሥራው በ2014 መገባደጃ ተጀመረ። መጀመሪያ 575 ሚሊዮን ዶላር ተባለ፤ ሲያልቅ ወደ አንድ ቢሊዮን ተጠጋ። የ2015 መክፈቻ ጨዋታ ሚያዝያ 5 ቀን ማታ ነበር። ብሊቸርሱ አልደረሰም፤ ፈርሶ የግንባታ ቦታ ሆኖ ተዘግቷል። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የሞተው የክለቡ ታላቅ ተጫዋች ኧርኒ ባንክስ ምስል ተሰቅሎበት ነበር። ከዚያም መጸዳጃ ቤቱ ተበላሸ። ሰው የጨዋታውን ትልቅ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆሞ አሳለፈው፤ ቸግሯቸው በቢራ ኩባያ የተጠቀሙም ነበሩ። ክለቡ ይቅርታ ጠየቀ። በማግሥቱ ታክሲዬ ውስጥ የገባ ተሳፋሪ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። የግራው ብሊቸርስ ግንቦት፣ የቀኙ ሰኔ ላይ ተከፈተ። እኔ ግን በመዘግየቱ ብዙም አልተናደድኩም። ግንባታ ይዘገያል።

የተናደድኩት ቀስ በቀስ በመጣው ነው። በግራ በኩል ግዙፍ የቪዲዮ ሰሌዳ ተተከለ፤ በቀኝም ሌላ። ከዌቭላንድና ከሸፊልድ ጎዳናዎች ማዶ ያሉት ቤቶች ጣሪያቸው ላይ ወንበር ደርድረው ጨዋታ ያሳዩ ነበር። በ2004 በተፈራረሙት ውል ከገቢያቸው 17 በመቶ ለክለቡ ይከፍሉ ነበር። ሰሌዳው እይታችንን ጋረደው ብለው በ2015 ከሰሱ፤ ፍርድ ቤት ለክለቡ ወሰነ። አሁን አብዛኞቹን ጣሪያዎች የገዛው የክለቡ ባለቤት ቤተሰብ ነው። ዌቭላንድ ላይ ከአጥር ተሻግሮ የሚወድቅ ሆም ራን ለመያዝ ጓንት አድርገው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ሰሌዳው ኳሱን እያስቀረባቸው ቁጥራቸው ተመናመነ።

ከመቀመጫዎቹ ሥር ደግሞ ክለብ የሚሏቸው የቅንጡ አዳራሾች ተሠሩ። በ2018 ከሆም ፕሌት፣ መቺው ከሚቆምበት ቦታ፣ ጀርባ አንድ ተከፈተ፤ በተከታዩ ዓመት ሌሎች ተጨመሩ። ከሜዳው ማዶ ክላርክ ላይ ባለፓርኪንጉ ማክዶናልድስ ፈርሶ ሆቴል ቆመ። እኛ ታክሲ ነጂዎች ቡና ይዘን ጨዋታ እስኪያልቅ የምንጠብቅበት ቦታ ነበር። በዚያው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ነበሩ፤ በአንድ ወገን ክትፎ፣ በሌላ ወገን ሰማያዊ ማሊያ የለበሰ ሕዝብ። እነሱ ከእድሳቱ በፊት የሄዱ ናቸው። ኪራዩ ግን ከዚያ ወዲህ የባሰበት ነው፤ ተመልሶ የሚከፍት አልመጣም።

በ2020 ሪግሊ ፊልድ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። ሐረጉ ተጠብቋል። ስኮርቦርዱ ተጠብቋል። መግቢያው ላይ ያለው ቀዩ የስም ሰሌዳ እንኳ ወርዶ ታድሶ ወደ ቦታው ተመልሷል። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጡቡን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ጡቡ ሥር የሚቀመጠውን ሰው የሚጠብቅ ሕግ የለም። ብሊቸርሱ ቅርጹ አለ፤ ዋጋው ግን የታክሲ ነጂ ዋጋ መሆኑ ቀርቷል። አራት ሰው የሆነ ቤተሰብ ይዞ ቅዳሜ መግባት ለብዙ አበሻ የወር የመብራትና የጋዝ ሂሳብ ነው። በ2020 ደግሞ ጨዋታው ለዘመናት በነፃ ሲታይበት ከነበረው ጣቢያ ወጥቶ የሚከፈልበት ቻናል ላይ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ጋሽዬ ልንገራችሁ። ስኳር አለበት። ሮን ሳንቶም ስኳር ነበረበት፤ በ2001 እና በ2002 ሁለቱን እግሮቹን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እግር እየተራመደ እስኪሞት ድረስ ማስተላለፉን አላቆመም። ጋሽዬ የራሱ እግር የተቆረጠ ጊዜ ያነሳው ስም የእሱን ነው። «ሳንቶ ሁለቱን አጥቶ ይስቅ አልነበር?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዊልቸር ነው የሚሄደው። በ2022 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ክለቡን ከሰሰ። እድሳቱ የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ጥሷል፤ ለዊልቸር የነበሩት ምርጥ ቦታዎች ጠፍተዋል፤ በአዲሶቹ አዳራሾችና በብሊቸርሱም በቂ ቦታ አልተሰጠም የሚል ነበር ክሱ። ክለቡ አስተባበለ። ክሱን ለጋሽዬ በስልክ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ «እንግዲህ ከእኛ በፊት ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው» አለ። በ2024 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ክለቡ መቀመጫዎቹን ሊያስተካክል ተስማማ። ደስ ብሎኛል። ግን በዚያ ሁሉ ገንዘብ ሲታደስ መጀመሪያ መታሰብ የነበረበት ነገር መንግሥት እስኪከስ መጠበቁ ያሳዝነኛል።

የእድሳቱ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ መልስ አላቸው፤ 2016። ገንዘቡ ቡድን ሠራ፣ ቡድኑም ከ108 ዓመት በኋላ ዋንጫ አመጣ። እውነት ነው፤ አልክደውም። በዚያ ሰሞን የሆነውን ግን ልንገራችሁ። ሰው ጠመኔ ይዞ እየመጣ በዌቭላንድና በሸፊልድ በኩል ባለው የስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ይህን ቀን ሳያዩ የሞቱ ዘመዶቹን ስም ይጽፍ ጀመር። አባት፣ አያት፣ እናት። ማንም አልከለከለም። ጡቡ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ በስም ተሞላ። እኔም ሄድኩ። አብሮን ታክሲ ይነዳ የነበረ፣ ከጋሽዬ ጋር በእያንዳንዱ ጨዋታ የሚወራረድ፣ ልቡ ቆሞ ድንገት የሞተ ወንድማችን ነበር። ስሙን በአማርኛ ጻፍኩት። አንዲት ሴትዮ ፊደሉን አይታ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ያ ግድግዳ ትኬት አይጠይቅም። ከዋንጫው በላይ የማስታውሰው እሱን ነው፤ አንድም ብር የወጣበት አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሥራ ቀን ከሰዓት ለሚደረጉ ጨዋታዎች ከብሊቸርሱ የተወሰነው ክፍል በዝቅተኛ ዋጋ፣ በዕለቱ በር ላይ ይሸጥ። ለሰፈሩ ትምህርት ቤቶችና ለአዲስ መጤዎች ይድረስ። አንድ ቢሊዮን አካባቢ ያወጣ ሰው ይህ አይከብደውም። ይህን ሐሳብ ለደጋፊዎች አስተያየት በሚቀበሉበት ሁሉ እየጻፍኩ ነው፤ ቺካጎ ያላችሁም ጻፉ።

የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለዓመታት እድሳት ላይ ቆይቷል። ወንበር ይገጠምለታል ሲባል ሰምቻለሁ። ወንበሩ ጥሩ ነው። ካታንጋና ሚስማር ተራ የነበሩት ሰዎች ግን በምን ዋጋ እንደሚገቡ ከአሁኑ ጠይቁ፤ እዚህ ስንጠይቅ ረፍዶ ነበር።

እስከዚያው መምጣት ለምትፈልጉ፦ ሚያዝያ ወይም ግንቦት መጀመሪያ፣ የሥራ ቀን፣ የቀን ጨዋታ ምረጡ። የላይኛው ፎቅ ትኬት ዋጋ ያኔ ይረክሳል። ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ አጥንት ይሰብራልና ወፍራም ጃኬት ያዙ። መኪና ይቅር፣ በሬድ ላይን አዲሰን ውረዱ። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ እኔ ቆሎ አላጣም። ጋሽዬ ጤናው ከፈቀደለት በሚቀጥለው ሚያዝያ አብሮኝ ይመጣል፤ የዊልቸር ቦታውን ገና ትኬቱ ሲወጣ እገዛለታለሁ።