የማልበላው ዓሣ

ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ ቤት አልገባሁም። በቀጥታ ወደ ዌስት ሲያትል፣ ሲክረስት ፒር። ባሕሩ ውስጥ ገባ ብሎ የሚቀር ድልድይ በሉት፣ ቀን ቀን ወደ መሐል ከተማ የምታሻግረው ጀልባ ከአጠገቡ ነው የምትነሳው። ካፊያ ነበር። ጥር ላይ እዚህ ካፊያ የሌለበት ማታ ብርቅ ነው። ከማዶ የፎቆቹ መብራት ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ፒሩ ላይ ያለው ሰው ግን ፎቅ አያይም። ሁሉም አቀርቅሮ ውሃ ውሃውን ነው የሚያየው። ስኩዊድ ገብቷል ተብሏል።

ስኩዊድ ለማታውቁት፣ ቅርፊት የለው፣ አጥንት የለው፣ ዐሥር እጅ ያለው ፍጥረት ነው። እዚህ የሚገባው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ብርሃን ይከተላል፤ ስለዚህ ሰው ትልልቅ ባትሪ ይዞ መጥቶ ውሃውን ያበራል፣ ባትሪ የሌለን ደግሞ ባትሪ ካለው ሰው ጠጋ እንላለን። ትል ምናምን አያስፈልግም። ጨለማ ውስጥ የምታበራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ አለች፣ ጫፏን ዙሪያውን ወደ ላይ የቆሙ መርፌዎች ከበዋታል። እሷን ታወርድና ቀስ እያልክ ከፍ ዝቅ ታደርጋታለህ። ሲይዝልህ እንደ ዓሣ አይጎትትም፣ አይታገልም። ክሩ ላይ እርጥብ ካልሲ የተንጠለጠለ ያህል ትንሽ ከበድ ይላል፣ በቃ። ስታወጣው ቀለሙን ይተፋብሃል። ባለቤቴ ጃኬቴ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ የሞተር ዘይት ይመስላት ነበር።

ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው ልክ አለው። ባልዲህም የግልህ መሆን አለበት፣ ከጓደኛ ጋር መቀላቀል የለም።

እኔ ታዲያ አልበላውም።

ሐዋሳ ያደገ ሰው ዓሣ አልበላም ቢል ማንም አያምነውም፣ እኔም ዓሣ እበላለሁ። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እየተጋፋኝ ነው ያደግሁት። ግን እናቴ ቤት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ነገር አይገባም። አምባዛ እንኳ አይገባም ነበር፣ ቆሮሶ ብቻ። አምባዛ ከያዘልኝ መንገድ ላይ ሸጬው ነው ቤት የምገባው። አሁንም ስኩዊዱን ቤት አላስገባም፣ ባልዲውን ለቬትናማዊቷ ጎረቤታችን እሰጣታለሁ። ባልዲው በማግስቱ ሲመለስ ባዶውን መጥቶ አያውቅም፤ አንዴ ብርቱካን፣ አንዴ ከጓሮዋ የተቀጠፈ ቅጠላ ቅጠል። እናቴም የሰው ሰሃን ባዶውን አትመልስም።

«የማትበላውን ለምንድን ነው የምታጠምደው?» ትለኛለች ባለቤቴ። ትናንት ፒሩ ላይ ቆሜ ዓመቱን ወደ ኋላ ሳስበው ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ከያዝኩት ውስጥ የበላሁት ስንቱን ነው?

ለምሳሌ ነሐሴ። ፒንክ ሳልሞን ዕድሜው ልክ ሁለት ዓመት ነው። ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ይወርዳል፣ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። እዚህ ፑጀት ሳውንድ (የሲያትል ባሕር ነው) የሚጎርፈው በፈረንጆቹ ጎዶሎ ዓመት ነው፣ 2021፣ 2023፣ 2025። (በእኛ አቆጣጠር ከሄዳችሁ ይምታታል፤ ያለፈው ጊዜ ነሐሴ ላይ 2017 ብሎ ጀምሮ ሳያልቅ መስከረም ጠባና 2018 ሆነ።) ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ ፈቃድ አስጨርሼ፣ ዋናው ግርግር የሚወድቀው ፍልሰታ ላይ! ጎህ ሲቀድ ሊንከን ፓርክ ዳርቻ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረን ሮዝ ቀለም የተቀባች ብረት እንወረውራለን። ሮዝ ካልሆነ ዞር ብሎም አያይህ። መንጠቆው ያቺ ወደ ኋላ የዞረች ጥርስ ሊኖረው አይፈቀድም፣ ስለዚህ ክሩ ለአንድ አፍታ ከላላ ዓሣው ሄደ ማለት ነው። ደግሞ ሥጋው ቶሎ ይላሽቃል። እንደያዝከው ጆሮው ሥር ያለውን ቀዩን መተንፈሻ ቆርጠህ ደሙን አፍስሰህ በረዶ ውስጥ ካልከተትከው ማታ ገንፎ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ፍሪዘሩ ሞላ፣ ቤቱ ይጾማል። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ እኛ ቤት አይበላም። ባለቤቴ «ዓሣ ዓሣ እየሸተትክ ኪዳነ ምሕረትን ፊት ለፊት ታያታለህ?» አለችኝ። ጾሙ ሲፈታ ጎላሽ ሠራን፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ያለበት ጥብስም ነበር። እሺ፣ እሱን በላሁ።

ጥቅምት ላይ ደግሞ አንድ ወንዝ ዳር (የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ቦታ አይነገርም) ኮሆ ሳልሞን ያዘልኝ። በሕይወቴ ትልቁ። ክሩን ይዞ ወደታች ሲሮጥ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንሸራተትኩ ተከተልኩት፣ አንድ ቡቴ ውሃ ሞላ። ዳር ሳደርሰው መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። ከጭራው ጠጋ ብላ አንዲት ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለች። እርባታ ጣቢያ የተፈለፈለ ከሆነ ገና በሕፃንነቱ ያቺን ይቆርጡለታል። ካለች የዱር ነው፣ የዚያ ሳምንት ሕግ ደግሞ የዱሩ ይለቀቅ የሚል ነበር። ነበረች። ለፎቶ እንኳ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ማውጣት ክልክል ነው። ጭራው ሥር ይዤ አፉን ወደ ወራጁ አዙሬ ቆየሁ። እጄ ደንዝዞ የእኔ አልመስልህ አለኝ። ከዚያ አንዴ ተወራጨና ፊቴን አጥቦኝ ሄደ።

አጠገቤ የነበረ ፈረንጅ ሽማግሌ «እኛ እንለቃለን፣ እነሱ በመረብ ያፍሳሉ» እያለ ያጉረመርም ጀመር። እነሱ የሚላቸው የአገሩን ቀደምት ነዋሪዎች፣ ኔቲቭ አሜሪካኖቹን ነው። በፈረንጆቹ 1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት በ1850ዎቹ እነሱና የአሜሪካ መንግሥት የተፈራረሟቸውን ውሎች አገላብጦ ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እኩሌታው የእነሱ ነው ብሎ ፈርዷል። ብዙ አጥማጅ እስካሁን አልዋጥ ብሎታል። እኔ ዝም አልኩ፣ ግን በልቤ እንግዳው አንተና እኔ ነን አልኩ። ከሐዋሳ መጥቼ ዓሣቸውን ስጎትት የሚጠይቀኝ የለም።

ስቲልሄድ ስለሚባለው ዓሣ አላወራም። ሦስት ክረምት ወንዝ ውስጥ ቆሜ አንድም አልነካኝም።

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ደወለች። እዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ ቡና አፍልታ መሆን አለበት፣ ስኒ ይንኳኳል። ቪዲዮ ከፍቼ ባልዲውን አሳየኋት።

«በስመ አብ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የባሕር ነገር ነው እማዬ።»

«ይበላል?»

«እኛ አንበላውም፣ ለጎረቤት ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ በዚህ ብርድ እዚያ ምን ትሠራለህ ልጄ?»

አፌን ልከፍት ስል ክሩ ትንሽ ከበድ አለኝ። እርጥብ ካልሲ ያህል።

«ቆይ እማዬ፣ አንዴ ያዢኝ» ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።