የዘይት ታንከሩን ሌቭል ትራንስሚተር እንዴት አስተካከልኩት

ጎጃም ውስጥ አንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ የኢንስትሩመንት ቴክኒሺያን ነኝ። ይሄን የምጽፈው ሙያውን ለጀመሩ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው።

ችግሩ ይሄ ነበር። የዘይት ማከማቻው ታንከር ሌቭል ትራንስሚተር (የዘይቱን ከፍታ ለክቶ ወደ ኮንትሮል ሩም የሚልከው ዕቃ) ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውና ኦፕሬተሮቹ ላይ ወጥተው በሜትር የሚለኩት አይገናኝም። ስክሪኑ ሁሌም ያሳንሳል። ይሄ አደገኛ ነው፤ ገና ቦታ አለው ተብሎ ዘይት ሲገባበት ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ሌሊትም ሰው ይወጣል። በሐምሌ ዝናብ በረጠበ የብረት መሰላል ላይ ሰው ማውጣት ያስፈራኛል፣ እውነቴን ነው።

ቁጥር አልገጥም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ዜሮውን (ባዶ ሲሆን የሚያሳየውን መነሻ ቁጥር) ነው። እኔ ምንም ሳልነካ ልዩነቱን በተለያየ ከፍታ ማስመዝገብ ፈለግኩ። ታንከሩን ለረጅም ጊዜ የያዙትን ትልቅ ሰው «ጋሼ፣ ሲለኩ የስክሪኑንም ቁጥር አብረው ይጻፉልኝ» አልኳቸው። «እሱማ ልጄ፣ ሲሞላ ነው የሚዋሸው። ሲያንስ ደህና ነው» አሉኝ። የምርመራውን ግማሽ በዚች ንግግር ጨረሱልኝ።

ልዩነቱ ታንከሩ ባዶም ሆነ ሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ዜሮውን ጠርጥሩ። ከፍታው ሲጨምር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ግን ጉዳዩ ስፓን (ከባዶ እስከ ሙሉ ያለው የመለኪያ ስፋት) ነው፣ ወይም የፈሳሹ ዴንሲቲ (አንድ ሊትሩ ስንት እንደሚመዝን) በትክክል አልገባም። የእኛው 1 ሜትር ላይ 8 ሴንቲ ያህል ያሳንሳል፣ 4 ሜትር ላይ 32፣ 6 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በመቶኛ ስታስቡት ሁሉም 8 ከመቶ ነው። የምግብ ዘይት ደግሞ ከውሃ 8 ከመቶ ገደማ ይቀላል።

ትራንስሚተሩ ከታች ተቀምጦ የሚለካው ግፊት እንጂ ከፍታ አይደለም። 8 ሜትር ውሃ 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጫናል፤ 8 ሜትር ዘይት ግን 72 ገደማ ብቻ። (ስታሰሉ የመሬት ስበትን 9.81 ብላችሁ በጭፍን አትውሰዱ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ከፍታችንም ትልቅ ነው፣ ለዚህ 9.78 ይቀርበናል። በ8 ሜትር ላይ ከ2 ሴንቲ በላይ ለውጥ አለው።)

ወደ ሥራው ስገባ መጀመሪያ ኮንትሮል ሩም ነግሬ ፓምፑን ወደ ማኑዋል አስቀየርኩ። ይሄን ሳታደርጉ ከታንከሩ ወደ ትራንስሚተሩ የሚወስደውን ቫልቭ ከዘጋችሁ ፓምፑ በሐሰት ቁጥር ይነሳል ወይ ይቆማል። ከዛ ቫልቩን ዘግቼ መስመሩ ውስጥ ያለውን ዘይት ቀስ ብዬ አፈሰስኩ፣ የእጅ ፓምፕና ካሊብሬተር (ማነጻጸሪያ መለኪያ) አገናኘሁ። በ0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ከመቶ እየጨመርኩ፣ ቀጥሎም በዛው መንገድ እየቀነስኩ ያገኘሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ትራንስሚተሩ የላከው ኤሌክትሪክ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 ሚሊ አምፔር ነበር። ሲወጣም ሲወርድም ልክ ነው።

ዕቃው ጤነኛ ነበር ማለት ነው! ሬንጁ (የሚለካው ግፊት ከየት እስከ የት እንደሆነ) ግን ከ0 እስከ 78 ኪሎ ፓስካል ተሞልቷል፣ ለ8 ሜትር ውሃ። ስለዚህ የላይኛውን ጫፍ በኮሙኒኬተር (ትራንስሚተሩን በምናስተካክልበት የእጅ መሣሪያ) 72 አደረግኩትና አምስቱንም ነጥብ በአዲሱ ሬንጅ ደገምኳቸው። ዜሮውን አልነካሁትም። የግፊት መውጫው ቀዳዳ (የትራንስሚተሩ መስመር ከታንከሩ የሚነሳበት) ከታንከሩ ወለል ከፍ ብሎ የተበየደ ስለሆነ ያቺን ከፍታ ስክሪኑ ላይ መደመር ያስፈልጋል፤ እሷ ቀድሞም ተደምራ ነበር። ከሜትሩ ጋር ያስተያየሁት ደግሞ ፓምፕ ቆሞ ዘይቱ ከረጋ በኋላ ነው።

ሙቀትንም አትርሱ። ዘይት ከ25 ወደ 50 ዲግሪ ሲሞቅ 2 ከመቶ ያህል ይቀላል፣ 6 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ገደማ ያሳስታል። ስለዚህ ዘይቱ በብዛት በሚቆይበት ሙቀት አስሉ። ቀጥ ባለ ታንከር ውስጥ ኪሎውን ለሚፈልገው የንብረት ክፍል ግን ግፊቱ ራሱ ይበቃዋል፣ ዘይቱ ሞቆ ቢነፋም ጠቅላላ ክብደቱ ያው ነው።

እኛ አገር የሚለየው ሌላው ነገር አየሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን 101። አብሶሉት (የአየሩንም ግፊት ጨምሮ) የሚለካ ዕቃ ክፍት ታንከር ላይ ተገጥሞ የባሕር ወለሉ ቁጥር ከተቀነሰለት ከ2 ሜትር ተኩል ውሃ በላይ ይሰወራል። መለያ ጽሑፉን ሳታነቡ አትግጠሙ። ጉድጓድ ውስጥ የሚጠልቁት ትራንስሚተሮች ደግሞ በኬብላቸው ውስጥ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቱቦ አላቸው። ክረምት ላይ ቁጥሩ ጠዋትና ከሰዓት የሚለያይ ከሆነ ሌላ ነገር ከመፍታታችሁ በፊት የዛን ቱቦ ጫፍና እርጥበት መጣጩን እዩ።

አሁን ፓነሉ በር ላይ ከውስጥ በኩል አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ የፈሳሹ ስም፣ ዴንሲቲው በየትኛው ሙቀት እንደተወሰደ፣ የመውጫው ቀዳዳ ከፍታ፣ የድሮውና የአዲሱ ሬንጅ፣ ቀኑ። ነገ ታንከሩ ውስጥ የሚገባው ዘይት ከተቀየረ የሚመጣው ቴክኒሺያን ከዛ ይነሳል።