የፒኤችፒ ኮዴን በኔምስፔስ እንዴት እንዳደራጀሁት

የአንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭና የስቶክ ሲስተም ተረክቤ ነበር። ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ይሠራል። ግን ክላሶቹ (የየራሳቸው ሥራና ስም ያላቸው የኮድ ክፍሎች) ሁሉ አንድ ቦታ ተከምረዋል። እንዳይጋጩ ተብሎም ስማቸው ረዝሟል፦ «ፋርማ_ሽያጭ_ሪፖርት»፣ «ፋርማ_ስቶክ_ሪፖርት» እያለ ይቀጥላል። የድሮ ልማድ ነው። ኔምስፔስ፣ ማለትም ስሞች እንዳይጋጩ እንደ ፎልደር በየክፍሉ የሚለይ ዘዴ፣ ወደ ፒኤችፒ የገባው በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 5.3 ነው። ከዚያ በፊት ሰው ስምን በአንደርስኮር እየቀጠለ ያስረዝም ነበር።

መጀመሪያ የወሰንኩት ኮዱ በምን ይከፈል የሚለውን ነው። ብዙዎች ሞዴሎችን (ዳታውን የሚይዙትን ክላሶች) ለብቻ፣ ኮንትሮለሮችን (የተጠቃሚውን ጥያቄ የሚያስተናግዱትን) ለብቻ ያስቀምጣሉ። እኔ በሥራው ከፈልኩት፦ ሽያጭ፣ ስቶክ፣ ቀን። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሲደውሉ «ሽያጩ ላይ ችግር አለ» ነው የሚሉኝ፣ ስለ ኮንትሮለር አያወሩም። አሁን የሽያጩም የስቶኩም ሪፖርት ክላስ ባጭሩ «ሪፖርት» ይባላሉ። ሁለቱን አንድ ፋይል ውስጥ ስፈልጋቸው ክላሱን በማስገባበት የ«ዩዝ» መስመር ላይ «አዝ» ብዬ ለአንዱ ሌላ ስም እሰጠዋለሁ።

ፋይል መጫኑን የፒኤችፒ ላይብረሪዎችን ለሚያስተዳድረው መሣሪያ፣ ለኮምፖዘር ተውኩለት። ፒኤስአር-4 በሚለው ደንብ፣ ኔምስፔሱና የፎልደሩ ስም ከተመሳሰሉ ክላሱን ራሱ ያገኘዋል። ፋይሎችን በእጅ አንድ በአንድ የሚያስገባው ያ ሁሉ «ሪኳየር» ተጠራርጎ ወጣ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ግን ይጠንቀቁበት፤ ዊንዶውስ ላይ ያለችግር የሚሠራው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲወጣ «ክላሱ አልተገኘም» ሊል ይችላል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠሁት ስህተት ሲፈጠር ለሚይዘው የኮድ ክፍል፣ ለ«ካች» ነው። ኔምስፔስ ውስጥ ሆነው ፊቱ ላይ ባክስላሽ (\) ሳያደርጉ «ኤክሴፕሽን» (ስህተትን የሚወክለውን የፒኤችፒ ክላስ) ብለው ከጻፉ፣ ፒኤችፒ የሚፈልገው እዚያው ኔምስፔስ ውስጥ ነው። ፈንክሽን ቢሆን እዚያ ሲያጣው ወደ ግሎባሉ፣ ከኔምስፔስ ውጭ ወዳለው፣ ይሄዳል። ለክላስ ግን እንዲህ አያደርግም። «ኒው ዴትታይም» ላይ (የፒኤችፒን የቀንና ሰዓት ክላስ ሲጠቀሙ) ወዲያው ኤረር ስለሚመጣ ነገሩ ይታወቃል። «ካች» ላይ ግን የሌለ ክላስ ቢጻፍም ትንፍሽ አይልም፣ ኤክሴፕሽኑም ሳይያዝ ያመልጣል። ክፍያ በሚመዘገብበት ኮድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፋይል ወደ ኔምስፔስ ሳስገባ «ካች» የሚለውን ፈልጌ አንድ በአንድ አየሁት፣ ባክስላሹንም ጨመርኩ።

ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ጳጉሜም አለበት። ለዚህ የሚያገለግለውን ክላስ በኔምስፔሴ ሥር «ዴትታይም» ልለው እችል ነበር፤ ፒኤችፒ ይፈቅዳል። አላልኩትም። ኮዱን ነገ የሚያነበው ሰው የትኛው ዴትታይም እንደሆነ ለማወቅ ወደ ፋይሉ አናት መውጣት የለበትም። «የኢትዮጵያ ቀን» አልኩት።

ሽያጭ መቆም ስለሌለበት ሁሉንም በአንዴ አልቀየርኩም። ለአንድ ክላስ ሁለተኛ ስም በሚሰጠው «ክላስ አልያስ» የድሮዎቹ ረጃጅም ስሞች አዲሱን ክላስ እንዲጠሩ አደረግኩ። አንድ የድሮ ስም የሚጠራ ገጽ እንደሌለ በፍለጋ ሳረጋግጥ አልያሱን አጠፋለሁ። የስቶኩ ሥራ አልቋል፤ የሽያጩ ገና ይቀራል።